የሸክላ ልባስና የመጽሐፍ ማኅደር

ከደጀን ላይ ከደብረ ማርቆሱ ዋና መንገድ ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፍበት ምሥራቅ ጎጃም የመጽሐፍ አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቢቸና አቅራቢያ ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛል። ክቡር ሐዲስ አለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው አድባራት አንዱ ይኸው ዲማ ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለዳቸው የዲማን ስም ጎጃምን ረግጦ ለማያውቅ አንባቢ ሁሉ አድርሶታል። ከዚያ አልፎ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ወደ ምሥራቅ ፈንጠር ብሎም ከንግሥት እሌኒ ስም ጋር የተያያዘው መርጡለ ማርያም፣ ቀጥሎም በ18ኛው መቶ ዓመት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል መቀመጫ የነበረችው ሞጣ ከነጊዮርጊስ ደብሯ ይገኛሉ።

እንደነዚህ ካሉ አድባራት ዕቃ ቤት የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው መጽሐፍ አይደለም። የሚያየው ከግድግዳ ችካል ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ፣ ከዘመን ብዛት የጠቆረ የቆዳ ከረጢት ነው፤ ይኸውም ማኅደሩ ነው። ማኅደሩ ሲከፈት በውስጡ ሌላ ሽፋን ይገኛል፤ ከዋንዛ ወይም ከሌላ እንጨት የተጠረበው ገበታ፣ በገበታውም ላይ ደጓሹ በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ያተመበት ቆዳ። በገበታው የውስጥ ገጽ፣ ቆዳው ባልደረሰበት መካከል፣ አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ የጨርቅ ቁራጭ ተለጥፎ ይታያል። ብራናው የሚገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ልብስ ደርቦ ይኖራል ማለት ነው።

ጭሱን፣ አቧራውን፣ የጧፉን ነጠብጣብ፣ የተሸካሚውን የትከሻ ላብ የሚቀበለው ማኅደሩ ነው። ማኅደር የሚቆሽሸው መጽሐፉ እንዳይቆሽሽ ነው። ባረጀና በተቀደደ ጊዜም በሌላ ቢለወጥ ከመጽሐፉ አንዲት ፊደል አትጎድልም፤ በማኅደሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለምና። መጽሐፉን በሚመለከት ግን ሕጉ ሌላ ነው። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ቅጠል ላይ የሚገኘው የግዝት ቃል የሚያወግዘው ሁለት ሰዎችን ነው፤ መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሕፈቱን የፋቀውን። የቀድሞ ጸሐፍት ፋቂውን ከሌባው እኩል ማስቀመጣቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ይህ ሥርዓት እዚህ ላይ መነሣቱ ስለ ብራና ለማተት አይደለም። ሸክላ ተብሎ የሚጠራው የሙዚቃ ዲስክና የካርቶን ልባሱ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ቤተ መዛግብትና ወደ ሙዚየም እየገባ በመጣበት ጊዜ «የቆሸሸውን ሽፋን እንዴት እናጽዳው?» የሚለው ጥያቄ በሙያው ባልደረቦች ዘንድ ተደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሸክላ ልባስ ማኅደር ነው ወይስ መጽሐፍ? መልሱ ከዚህ ላይ ይለያያል። ማኅደር ከሆነ ይታጠባል፤ ባይሆንለትም ይለወጣል። መጽሐፍ ከሆነ ግን የሚያጸዳው እጅ ከፋቂው እጅ የሚለይበት ወሰን ቀጭን ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ስሙ ራሱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። በአማርኛ ሸክላ የሚለው ቃል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። እስከ 20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ድረስ የነበረው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ዲስክ ሼላክ ከተባለ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ በመሆኑ ከእጅ ሲወድቅ እንደ ገንቦ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ቪኒል ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን ትልቁን ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1948፣ የአርሲኤ ቪክተር ኩባንያ ደግሞ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን በ1949 ለገበያ አውጥተዋል። ሕዝቡ የአሮጌውን ስም ለአዲሱ አወረሰው። ይህ የስም ውርስ ለቋንቋው ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለጽዳት ሠራተኛው ግን አደጋ ነው። አልኮል ሼላክን ያሟሟል። ቪኒሉን በአልኮል በራሰ ጥጥ ያበሰ ሰው ያንኑ ጥጥ በአሮጌው ዲስክ ላይ ቢደግመው ድምፁን ጠርጎ ያወርደዋል። ስለሆነም ልባሱን ከመንካት በፊት በውስጡ ያለው ዲስክ የትኛው እንደሆነ ማወቅና ማውጣት የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ነው።

የኢትዮጵያ ድምፅ ሸክላ ላይ የተቀረጸው ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ነው። ዘፋኙና ባለ ቅኔው ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን ተጉዘው በነበረ ጊዜ በበርሊን ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በዚያ ዘመን የዲስክ ልባስ ማለት መካከሉ ክብ ሆኖ የተቀደደ ቡናማ ወረቀት ነበር። ቀዳዳው የዲስኩ መለያ ጽሑፍ እንዲነበብ የተተወ ሲሆን፣ ወረቀቱ ራሱ ብዙ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። በእኛ አነጋገር ማኅደር ነበር። ልባስ ሥዕል የለበሰው በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ለኮሎምቢያ ኩባንያ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ልባሱ ዲስኩን ከአቧራ ከመጠበቁ ሌላ የዘፋኙን ፊት፣ የዘፈኖቹን ርእስ፣ የአሳታሚውን ስም የሚይዝ ገጽ ሆነ። ማኅደሩ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጠል በላዩ ተሸከመ ማለት ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

በአገራችን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተለይቶ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር ጥሶ የወጣው ሐራምቤ የተባለ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ሲሆን፣ በስሙ የተቋቋመው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንድ የአባት ስም ይጋሩ እንጂ ወንድማማቾች አልነበሩም፤ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችንና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትላልቅ ሸክላዎችን አወጣ። ዲስኮቹ የሚታተሙት በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ነበር። በዚያው ዘመን ፊሊፕስም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያሳትም ነበር፤ የዓሊ ታንጎ ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ፤ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ የወጣ ነው። በጠቅላላው ከ1969 እስከ 1978 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የወጣው ወደ 500 ትንሽና ወደ 30 ትልቅ ሸክላ ቢሆን ነው። ለአንድ አገር ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ይህ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው። አንድ መካከለኛ ቤተ መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ሊይዘው ይችላል።

ከዚህ ቁጥር ለጽዳት ሥራ የሚጠቅም አንድ ነገር ይገኛል። በውጭ አገር ስለ ልባስ ጽዳት የሚሰጠው ምክር ሁሉ የሚያስበው ወፍራም ካርቶን የሆነውን፣ በእያንዳንዱ ጎኑ ከ31 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠውን የትልቅ ሸክላ ልባስ ነው። የኢትዮጵያ ሸክላ ግን በአብዛኛው ባለ 45 ዙሩ ነው፤ ልባሱም 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ስስ ወረቀት ወይም ስስ ካርቶን ነው። ትልቁ ልባስ የሚችለውን መታሸት ይህ አይችለውም። ምክሩን እንዳለ የገለበጠ ሰው ያገኘውን ልባስ በመጀመሪያው ቀን ሊቀደው ይችላል።

ልባሱ የያዘውም ነገር ከውጭው ይልቅ የከበደ ነው። በውጭ አገር የአንድን ዲስክ ታሪክ ለማወቅ የኩባንያ ማውጫ፣ ጋዜጣ፣ የሽያጭ መዝገብ አለ። የእኛ ሸክላዎች ብዙውን ጊዜ ዓመተ ምሕረት እንኳ አልታተመባቸውም። ተመራማሪው ዘመናቸውን የሚያሰላው በዲስኩ መለያና በልባሱ ላይ ከሚገኘው የአሳታሚ ምልክትና ተራ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከአምሃ «ኤ.ኢ.» እና ከካይፋ «ኬ.ኤፍ.» ቁጥሮች በመነሣት ነው። የዘፋኙ አለባበስና የጠጉሩ አቆራረጥ፣ አጃቢው ባንድ፣ የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ፣ የፎቶግራፉ አነሣስ፣ እነዚህ ሁሉ በልባሱ ላይ ካልተገኙ በሌላ ቦታ አይገኙም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሸክላ ልባስ በዘመኑ ስለ ሙዚቃው ከተጻፉት ጥቂት ሰነዶች አንዱ ነው። ከማኅደርነቱ መጽሐፍነቱ ይበልጣል።

ከአዲስ አበባ የሙዚቃ ቤቶች የተሸጠው ሸክላ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ክፍላተ ሀገር ይወርድ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ኑሮ የካርቶን ኑሮ አልነበረም። ከአንድ የቢቸና ወይም የሞጣ ቡና ቤት ጓዳ የወጣ ልባስ ቢገኝና በመስኮት ብርሃን ጋደል ተደርጎ ቢታይ ቆሻሻው በአንድ ስም የሚጠራ አለመሆኑ ይገለጻል። በላዩ ላይ የሰፈረው ደረቅ አቧራ ነው፤ በበጋ የዚያ መንገድ አቧራ ጣራውንም ዕቃውንም አይምርም። በማዕዘኖቹ ላይ የሚታየው ጥቁር ቅባት ከጣት የመጣ ነው፤ ዘፈኑ ሲመረጥ በዚያ በኩል ተይዞ ይሳባልና። ከመካከሉ ክብ ሆኖ የተነሣው ንጣት ጭራሽ ቆሻሻ አይደለም፤ ሸክላዎች በጀርባቸው ተኝተው ሲነባበሩ የዲስኩ ጠርዝ ከውስጥ ገፍቶ ቀለሙን የፋቀበት ነው። ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች የዝንብ ኩስ ናቸው። ቢጫው ክብ የብርጭቆ ሥር፣ ወይናማው ነጠብጣብ የጠጅ ወይም የሻይ ይሆናል። ከዚያም በክረምቱ እርጥበት የበቀለ ሻጋታ፣ በምስጥ የተበላ ጠርዝ፣ በእስኮች የተለጠፈ ስንጥቅ፤ በመጨረሻም በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ። የባለቤቱ ስም፣ የቤቱ ማኅተም፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ተራ ቁጥር፣ «በጣም ተወዳጅ» የሚል የአሳላፊ ማስታወሻ።

ይህ ሁሉ እድፍ የተከማቸው በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አደከመው፤ ካሴት ደግሞ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው ኩባንያ ራሱ የኢትዮጵያ ሸክላ አሳታሚ የነበረው ፊሊፕስ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1978 ገደማ የሸክላ ሕትመት አበቃ። ማጫወቻው ሲበላሽ ሸክላው ከአልጋ ሥርና ከጣራ ሥር ገባ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የደረሰበት ጉዳት በአገልግሎት ዘመኑ ከደረሰበት ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ ኩባንያ የማሕሙድን ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1986 በአውሮፓ አሳተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮጲክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ መውጣት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ወደ ዓለም ሲኒማ ቤቶች አስገባ። በዚህ ምክንያት ማንም ያልጠየቀው አሮጌ ሸክላ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆነ። ዋጋውም በልባሱ ሁኔታ የሚወሰን በመሆኑ ሻጩ ልባሱን ማጠብ ጀመረ። ለረጅም ዓመታት የቆየ ጭቃ፣ ስም፣ ማኅተምና ቁጥር በአንድ ከሰዓት በኋላ በስፖንጅ ጠፋ። ከየት እንደመጣ፣ በማን ቤት እንደዞረ የሚመሰክር ምልክት የሌለው ልባስ ለገበያ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ለታሪክ ግን ምላሱ የተቆረጠ ምስክር ነው።

ይህ ነገር ለብራናው ዓለምም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቅጂአቸውን በአሜሪካ በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ አስቀምጧል፤ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ማይክሮፊልሙ ያዳነው ጽሕፈቱን ነው፤ የገበታው ጠረን፣ የስፌቱ አጣጣል፣ ሰሙ የነጠበበት ገጽ ከመጽሐፉ ጋር ቀርቷል። በአዲስ የታተመው የሙዚቃ ዲስክም እንዲሁ ድምፁን አድኗል። የቀድሞው ልባስ በአዲሱ መጽሔት ውስጥ እንደ ቴምብር አንሶ ቢታተምም ሥዕሉ እንጂ ራሱ አይደለም። ስለዚህ የቀረው ኀላፊነት በልባሱ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ሥራ ከጽዳት በፊት ነው። ልባሱ ከነቆሻሻው፣ ከፊቱም ከጀርባውም፣ ከውስጥ ወረቀቱም ጭምር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በእጅ የተጻፈው ሁሉ ቃል በቃል ወደ መዝገብ ይገለበጣል። ከየትኛው ከተማ፣ ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ በዚያው ይጻፋል። ይህን ሳያደርግ ብሩሽ የሚያነሣ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የልባሱ ገጽ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ ልባስ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ወይም በቫርኒሽ የተቀባ በመሆኑ ያብለጨልጫል፤ ሌላው ቀለሙ በቀጥታ በወረቀቱ ላይ የታተመ ሆኖ ደብዛዛ ነው። የሚያብለጨልጨው ገጽ፣ ያልተሰነጠቀና ያልተላጠ እስከሆነ ድረስ፣ በንጹሕ ውሃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ለስላሳ ጨርቅ ከትንሽ ቦታ ተሞክሮ ሊታበስ ይችላል፤ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ይደርቃል። ደብዛዛው ገጽ ግን ውሃ ጨርሶ አይነካውም። ውሃው ቆሻሻውን ከላይ አንሥቶ ወደ ወረቀቱ ሥጋ ያስገባዋል፤ ሲደርቅም ጠርዙ እንደ ባሕር ዳር ቡናማ መሥመር ሆኖ ይቀራል። ይህ መሥመር ከቀድሞው እድፍ ይልቅ ይከፋል፤ አይወጣምም።

ለደረቅ ጽዳት የሚበቃው መሣሪያ ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ለስላሳ ሰፊ ብሩሽ፤ አጠራረጉ ከመካከል ወደ ውጭ፣ በአንድ አቅጣጫ እንጂ እየተመላለሱ አይደለም። ቀጥሎ የእሳት ጥላሸትን ለመጥረግ የተሠራው ደረቅ የጎማ ስፖንጅ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ የሚቀር የጣት ቅባት ቢኖር ነጩ የፕላስቲክ ላጲስ በስሱ ተፍቆ ፍርፋሪው በገጹ ላይ በጣት ይንከባለላል፤ ላጲሱ ራሱ ባይታሽ ይመረጣል። በአውሮፓ የቀድሞ የወረቀት ጠጋኞች ለዚሁ ሥራ የዳቦ ፍርፋሪ ይጠቀሙ ነበር። ልማዱ የተተወው ፍርፋሪው በወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ቀርቶ ብልና ሻጋታ ስለሚጠራ ነው፤ አይጥ ባለበት ቤት ደግሞ ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልግም። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ሜላሚን የተባለው ነጭ ስፖንጅ እድፍን በተአምር የሚያነሣ ቢመስልም ሥራው የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው፤ የሚያነሣው እድፉን ከነቀለሙ ነው።

ከቤት ውስጥ መድኃኒቶች አብዛኞቹ መከልከል ያለባቸው ናቸው። ለሸማ የሚበጀው እንዶድ ለካርቶን አይበጅም። በረኪና ነጩን ያነጣል፤ ወረቀቱንም ያቃጥላል። ቤንዚንና ላምባ የሕትመት ቀለም ያሟሟሉ፤ ሽታቸውም አይለቅም። የዝንብ ኩስ በደረቁ በተሳለ የእንጨት ጫፍ፣ በአጉሊ መነጽር እየታየ፣ አንድ በአንድ ይነሣል። የሰም ነጠብጣብም ቢሆን ጠንክሮ ሳለ በአጥንት ወይም በእንጨት ቢላዋ ከሥሩ ቀስ ተብሎ ይፈለቀቃል፤ በካውያ ማቅለጥ ስቡን ወደ ወረቀቱ ማስገባት ነው። እስኮቹ ከተለጠፈ ብዙ ዓመት የሆነው ከሆነ ባይነካ ይመረጣል፤ ሲነቀል የዘፋኙን ግማሽ ፊት ይዞ ይመጣል።

ሻጋታ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። የአየር እርጥበት በመቶ ከ65 በላይ ሲሆን ሻጋታ ይበቅላል፤ የደጋው ክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ ለሳምንታት ይቆያል። የሻገተ ልባስ በመጀመሪያ ከሌሎቹ ይለያል፤ ቀጥሎ በነፋሻ ጥላ ይደርቃል፤ ጨርሶ ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በብሩሽ ይጠረጋል። እርጥብ ሻጋታን መጥረግ ማለት መዝራት ማለት ነው። በአገራችን ክረምት ሲወጣ ልብሱንም እህሉንም በመስከረም ፀሐይ ማስጣት የቆየና ብልህነት ያለበት ልማድ ነው፤ ይሁንና ፀሐይ የሕትመትን ቀለም ታነጣለች፣ ካርቶኑን ታጣምማለች፣ ዲስኩ በውስጡ ካለም ቪኒሉን ታጎብጣለች። ጥላና ነፋስ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይወጣ ነገር ይቀራል። ክቡ የዲስክ ምልክት አይጠፋም። ከእንጨት ልም የተሠራ ርካሽ ወረቀት በራሱ አሲድ እየቦካ ቢጫ የሆነበትን ማንም ጽዳት አይመልሰውም። የጠጁ ነጠብጣብም ይቀራል። በእጅ የተጻፈው ስም ደግሞ እንዲቀር የሚፈለግ ነው። አንዳንድ ባልደረቦች የእስክሪብቶውን ጽሑፍ «ልባሱን ያበላሸ» አድርገው ይመለከቱታል። ነገር ግን በአንድ ብራና የመጨረሻ ቅጠል ላይ «ይህ መጽሐፍ የእገሌ ነው» የሚል በኋላ የገባ ጽሑፍ ቢገኝ ማንም ቤተ መጻሕፍት አይፍቀውም፤ እንዲያውም የመጽሐፉን ጉዞ የሚያስረዳ ሆኖ በዝርዝሩ ውስጥ ይመዘገባል። ከሞጣ የመጣ ልባስ ላይ ያለው የቡና ቤት ማኅተም ከዚህ በምን ያንሳል? እንዲህ ያለ ማኅተም ከመዲናዋ የምሽት ክበቦች የወጣ ዘፈን በምሥራቅ ጎጃም በማን ቤት፣ በምን ጠረጴዛ እንደተሰማ የሚያስረዳ ሊሆን ይችላል። ይህንን በጽዳት ስም ማጥፋት ከሁለቱ ውጉዛን መካከል ሁለተኛውን መሆን ነው።

እንግዲህ ልባሱ መጽሐፍ ከሆነ ማኅደር ያስፈልገዋል። አሠራሩ ከዲማም ሆነ ከደብረ ወርቅ ዕቃ ቤት የታወቀ ነው፤ የሚቆሽሸውንና የሚለወጠውን ከውጭ፣ የማይለወጠውን ከውስጥ ማድረግ። ዲስኩ ከአሮጌው ልባስ ወጥቶ አሲድ በሌለው አዲስ የውስጥ ወረቀት ይገባል። አሮጌው ልባስ ባዶውን፣ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ከበስተኋላው ይቀመጣል፤ ዲስኩ ከውስጥ እየገፋ ክቡን እንዳያሳድግ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ በጥርት ፖሊስተር ወይም ፖሊኤቲሊን ከረጢት ይገባሉ። ፒቪሲ የተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ከጊዜ በኋላ ዘይት እያወጣ ዲስኩንም ሕትመቱንም ስለሚያበላሽ አይገዛም። ከረጢቶቹ ቀጥ ብለው በጠንካራ ሣጥን ይቆማሉ፤ አይነባበሩም፣ አይዘነበሉምም። ሣጥኑ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ይርቃል፤ ፀሐይ በማትደርስበት ክፍል ይቀመጣል። ልዩ ሣጥን ለመግዛት አቅም የሌለው የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ከአገር ውስጥ ካርቶን ሠርቶ ውስጡን አሲድ በሌለው ወረቀት ቢለብጠው ብዙ ዓመት ያገለግለዋል፤ ካርቶኑ ሲያረጅም ያለ ጸጸት ይጣላል።

መለያ ቁጥሩ የሚጻፈው በሣጥኑና በከረጢቱ ላይ ነው። በልባሱ ላይ የግድ መጻፍ ካለበትም በጀርባው በታችኛው ግራ ማዕዘን፣ ሕትመት በሌለበት ቦታ፣ በለስላሳ እርሳስ ይጻፋል። በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ማኅተምም አይመታበትም።